የአቶ ዱጉማ መዋጮ

ዘነቡ የቤት ባለቤቶች ማኅበሩ ሊቀመንበር የሆነችው ሌላው ሁሉ እምቢ ስላለ ነው። ያን ጊዜ ለቡ መብራት ኃይል ሰፈር ያለው ሕንፃቸው ሊፍቱ ቆሞ፣ የውሃ ፓምፑ ተቃጥሎ፣ ወርሃዊ መዋጮ የሚከፍለው ሰው ከግማሽ አይበልጥም ነበር። እሷ ግን ሥራውን ከያዘች በኋላ ዋዛ አላወቀችም። ደጅ እያንኳኳች፣ ያኮረፈውን እየለመነች ሁሉንም ወደ መክፈሉ መለሰች። የቀሩት አቶ ዱጉማ ብቻ ነበሩ።

አቶ ዱጉማ እዚያው ለቡ ሲያርሱ የኖሩ ሽማግሌ ናቸው። ባለቤታቸው ካረፉ ወዲህ ግራውንድ ላይ ባለችው ቤታቸው ብቻቸውን ይኖራሉ። ድሮ ከማንም ቀድመው ይከፍሉ ነበር፤ ማኅበሩ አሮጌውን ዘበኛ ቡዜን ባዶ እጁን አሰናብቶ የጥበቃ ድርጅት ከቀጠረ ወዲህ ግን ሰባራ ሳንቲም አልሰጡም። ዘነቡ ሁለቱን ነገር አላገናኘችውም። ሊፍት አልጠቀምም ብለው ነው አለች ለኮሚቴው። አንድ ቀን በር ላይ ሰላም ስትላቸው ዝም ብለው ስላለፏት ቅር ብሏት ነበርና፣ የእሳቸውን ደጅ አላንኳኳችም። ማስጠንቀቂያውን በጥበቃዎቹ እጅ ላከችላቸው።

ክስ ተመሠረተ። አቶ ዱጉማ ችሎት አልቀረቡም፤ በሌሉበት ተፈረደ። ዕዳው ከነቅጣቱና ከነጠበቃው ወጪ ተደምሮ ቤቱ ታገደ፤ አሁንም ዝም ሲሉ የሐራጅ ማስታወቂያ በራቸው ላይ ተለጠፈ። ዘነቡ ልጆቻቸው ሰምተው ይከፍላሉ ብላ ነበር። እሳቸው ግን ወረቀቱን ገንጥለው ኪሳቸው ከተቱት፤ ለልጃቸው ለገላኔ እንኳ አልነገሯትም። ቤቱ ተሸጠ። ከዕዳው የተረፈውን ተቀብለው ፉሪ፣ ገላኔ ዘንድ ገቡ።

ነገሩን ለዘነቡ የነገራት ቡዜ ነው። ለቡ ታክሲ መያዣው ላይ አግኝቷት አባባ ዱጉማ ደኅና መሆናቸውን ጠየቃት። ከሥራ ከወጣ ጀምሮ ለጥበቃ የሚዋጣውን በየወሩ ቤቱ ድረስ ያመጡለት ነበርና፣ ሲቀሩበት ታመው ይሆናል ብሎ ሰግቷል።

በማግስቱ ዘነቡ ፉሪ ሄደች። ገላኔ በሩን ከፈተችላት እንጂ ግቢ አላለቻትም። ከውስጥ ተጣርተው ያስገቧት፣ ወንበርም ያስጠጉላት አባትየው ናቸው።

«አባባ፣ ምነው ሳይነግሩኝ?» አለቻቸው።

«ለጥበቃ ክፈል አላችሁኝ፤ እኔም ለጠባቂው ከፈልኩ» አሉ አቶ ዱጉማ። ቀጥለውም፣ «አንድ ሰው መጥቶ ምን ሆነህ ነው ቢለኝ እነግረው ነበር፣ ልጄ። የመጣው ወረቀት ብቻ ነው።»

ዘነቡ ሐራጁ ይፈርስ እንደሆን ጠበቃ ጠይቃ ነበር፤ አይሆንም ብሏታል። ያንን መናገሩ ለማን ይጠቅማል ብላ ተወችውና ይቅርታ ጠየቀች። «ይቅር ለእግዜር» አሏት። ገላኔ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች።

ዘነቡ ከሊቀመንበርነቱ ከመውረዷ በፊት የቡዜን የአገልግሎት ክፍያ ለጉባኤው አቅርባ አስወሰነችለት። የአቶ ዱጉማ ቤት ግን የሰው ሆኗል። አሁንም አልፎ አልፎ ፉሪ ትሄዳለች። አቶ ዱጉማ ስለ እርሻው ዘመን ያወጓታል፤ ገላኔ እስከ ዛሬ አላነጋገረቻትም፣ ዘነቡም አትፈርድባትም።