ወደ ኦድቫር ግቢ

ሚስቴ ሲግሩን ቤት ተቀምጦ በኮምፒውተር የሚበረርበትን ማስመሰያ ገዝታ ያመጣች ዕለት የምግብ ጠረጴዛችን ግማሹ ከእጃችን ወጣ። ስክሪኑ፣ መሪው፣ በግራ እጅ ወደ ላይ የሚሳበው ማንሻ፣ ከጠረጴዛው ሥር ደግሞ ሁለቱ ፔዳሎች የበረዶውን ክረምት እዚያው ከረሙ፤ እኔም ሾርባዬን ጥግ ይዤ መጠጣት ለመድኩ። እሷ የትምህርት ቤት አውቶቡስ ትነዳለች፣ እኔ መኪና በሚያሻግር ጀልባ ላይ እሠራለሁ። ምን አማራት ብዬ ብዙም አልጠየቅኳትም።

መጀመሪያ የመረጠችው ትልቁን የነፍስ አድን ሄሊኮፕተር ነበር። ከመሬት በተነሳች ቁጥር ትከሰከሳለች። በኋላ በኢንተርኔት አብረው የሚበሩ ሰዎች ቡድን ውስጥ ገባችና እዚያ ኦድቫር ከሚባሉ ሽማግሌ ጋር ተዋወቀች። ዕድሜያቸውን በቤተ ክርስቲያን ኦርጋን ሲጫወቱ ኖረው ጡረታ የወጡ፣ ሚስታቸው የሞተችባቸው ሰው ናቸው። ከዚህ በላይ አናውቅም ነበር። የቤተሰብ ስማቸውን እንኳ አልጠየቅናቸውም።

ትልቁን ተይው አሏት። ከባድ ስለሆነ ስህተትሽን ዘግይቶ ነው የሚነግርሽ፤ ትንሿ ባለ ሁለት መቀመጫ ግን ወዲያው ትቆጣሻለች፣ በእሷ ተማሪ አሏት። ከማዳመጫዋ አፈትልኮ የሰማሁት አንድ ነገር አለ፦ «እጅ ይቸኩላል፣ እግርሽን አስተምሪው። ኦርጋንም ቢሆን ፔዳል አለው፤ ጎበዙ የሚለየው በእግሩ ነው።»

ቅዳሜ ቅዳሜ ሁለቱም በየስክሪናቸው ከፍሎሮ አየር ማረፊያ ተነሥተው፣ ባሕሩ ተራሮቹን ሰንጥቆ በገባበት በኩል በርረው፣ ዳር ላይ ያለውን ነጭ ቤተ ክርስቲያን አልፈው የእሳቸው ግቢ ውስጥ ያርፋሉ። ስክሪኑ ላይ ያለው ምድር ከሰማይ ከተነሣ ፎቶግራፍ የተሠራ ስለሆነ ቤታቸው እንዳለ ይታያል፦ ቀይ ጎተራ፣ አጠገቡ አንድ ትልቅ ዛፍ። የሚያርፉት እሳቸው ናቸው እንጂ ሲግሩን እዚያ ግቢ ሳትከሰከስ ያረፈችበት ቀን አልነበረም።

በየካቲት፣ በአንዱ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ እኔ በኤሌክትሪክ መጋገሪያ ዋፍል የሚባለውን ጣፋጭ ቂጣ እየጋገርኩ ነበር። ሁለቱ ፍሎሮ ሜዳ ላይ ጎን ለጎን ሆነው አየር ላይ ባሉበት መቆምን ይለማመዳሉ።

«ኦድቫር፣ ግራ እግርዎን» አለች እየሳቀች። «ጭራዎ እየዞረብዎ ነው።»

ዘወር ብዬ አየሁ። የእሳቸው ሄሊኮፕተር አፍንጫ ቀስ እያለ ወደ ቀኝ ዞረ፤ ከዚያ አንድ ሙሉ ዙር ዞረ፣ ደገመ። ሲግሩን ሳቋን አቆመች። ሽማግሌው የሆነ ነገር አሉ፤ ማንሻው ስለ መክበዱ ይመስለኛል፣ ግን ቃሉ አፋቸው ውስጥ ተልወሰወሰ። ከባድ ነገር ሲወድቅ በማዳመጫው ተሰማ። ስክሪኑ ላይ ያለችው ሄሊኮፕተራቸውም በጎኗ ተጋደመች።

ኔትወርኩ ይሆናል አልኳት።

«ኔትወርኩ አይደለም፣ ግራ እግራቸው አልታዘዝ ብሏቸዋል። አምቡላንስ ጥራ፣ ስቴይናር።»

ደወልኩ። የተረጋጋች ሴት አነሣች። ስልኩን ድምፅ ማጉያ ላይ አድርጌ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት። ኦድቫር ማን እንደሆኑ ጠየቀችኝ፤ በቤተ ክርስቲያን ኦርጋን ይጫወቱ ነበር ከማለት በላይ አላውቅም። የት እንደሚኖሩ ጠየቀችኝ፤ ባሕር ዳር፣ ከፍሎሮ በስተ ምሥራቅ አልኳት፤ ስናገረው ለራሴም ምንም እንዳላልኩ ገባኝ። እሳቸውን እንድንጠይቅ ነገረችን።

«ኦድቫር፣ የሰፈርዎ ስም ማነው? ይሰሙኛል?»

የማዳመጫዋን ድምፅ እስከ መጨረሻው ከፍ አደረገችው፤ ትንፋሽ ብቻ ተሰማ። ከዚያ እንደ ማቃሰት ያለ ነገር። ሴትየዋ በአብያተ ክርስቲያናቱ በኩል እናፈላልጋለን፣ ግን ቅዳሜ ስለሆነ ጊዜ ይወስዳል አለች።

ሲግሩን ማንሻውን ሳበች።

«ስሙን አላውቀውም፤ መንገዱን ግን አውቀዋለሁ» አለች።

ካርታ ላይ ብትፈልጊው አይሻልም ወይ አልኳት። ካርታ ላይ አይታው እንደማታውቅ፣ ከላይ ሆና በዓይኗ ብቻ እንደለመደችው፣ እዚያ አካባቢ ደግሞ ባሕሩ የገባበት ሁሉ አንድ እንደሚመስል ነገረችኝ። ከደረሰች ማስመሰያው የቆመችበትን ቦታ በቁጥር ይነግራታል፤ ቁጥሩ ካለ አምቡላንሱ ያገኛቸዋል። ከተከሰከሰች ግን መልሶ ፍሎሮ ይጥላትና እንደገና ከዜሮ ነው።

በረረች። ዓይኗን ከስክሪኑ ሳትነቅል ለሽማግሌው ታወራላቸዋለች። «እየመጣሁ ነው ኦድቫር፣ ድልድዩን አልፌያለሁ። አሁን ሁለቱን ደሴቶች በቀኝ ትቻለሁ። እንዳይተኙብኝ።» ዋፍሉ አርሮ ቤቱ ጢስ በጢስ ሆነ፤ የመጋገሪያውን ገመድ ነቅዬ ተመልሼ ከኋላዋ ቆምኩ።

ከዚያ ወደ ስክሪኑ ተጠጋች። ባሕሩ እየጠበበ ሄደ፤ ግራና ቀኝ ገደል ነው።

«ነጩ ቤተ ክርስቲያን የለም» አለች። «እዚህ ጋ መታየት ነበረበት። ተሳስቻለሁ፤ ኦድቫር የሚኖሩት በወዲያኛው በኩል ነው፣ ከተራራው ማዶ።»

ተመልሳ ብትዞር ሩቅ ነው። በተራራው ላይ ብታልፍ አጭር ነው፣ ጫፉን ግን ደመና ሸፍኖታል፤ ማስመሰያው የዕለቱን የአየር ሁኔታ ነው የሚያሳየው። ደመና ውስጥ እንዳትገባ ኦድቫር ደጋግመው ሲያስጠነቅቋት ሰምቻለሁ። በማዳመጫው የሚመጣው ትንፋሽ እየራቀ፣ እየራቀ ሄደ። ሲግሩን ማንሻውን ወደ ላይ ሳበችው።

ስክሪኑ ነጭ ሆነ። መሬት የለም፣ ሰማይ የለም። የወንበሩን መደገፊያ ጨምድጄ ይዣለሁ። እሷ የምታየው ከፍታውን የሚያሳየውንና ማዘንበሏን የሚነግራትን ሁለት ሰዓት መሳይ መለኪያዎች ብቻ ነው። አንድ ጊዜ ጥቁር ዐለት ከሥራችን ብቅ ብሎ ጠፋ። ጮኼ ነበር መሰለኝ፤ እሷ ግን እጇ ንቅንቅ አላለም። ከዚያ ነጩ ተቀደደና ሸለቆው ተዘረጋ፤ ታች ባሕሩ፣ ዳር ላይ ነጩ ቤተ ክርስቲያን።

ከቤተ ክርስቲያኑ ወዲያ ዳሩን ይዘው የተሰለፉ ቤቶች አሉ፣ ሁሉም ቀይ ጎተራ አላቸው። ዝቅ ብላ አንድ በአንድ አለፈቻቸው። ትልቁ ዛፍ ካለበት ግቢ ላይ ስትደርስ የሄሊኮፕተሯን አፍንጫ ቀና አድርጋ ቆመች፤ አየር ላይ፣ ባለችበት። እንደዚያ ጸጥ ብላ ቆማ አታውቅም። የቦታውን ቁጥር እያነበበች ለሴትየዋ ነገረቻት፤ ሴትየዋም አንድ በአንድ ደገመችው። የነፍስ አድን ሄሊኮፕተር ይነሣል አለች።

ከዚህ በኋላ ማረፍም ማጥፋትም ትችል ነበር። አላደረገችውም። ግቢው ላይ እንደቆመች ስለ አውቶቡሷ ልጆች፣ ስላረረው ዋፍሌ ታወራላቸው ጀመር። ትንፋሹ ይሰማል፣ ይጠፋል፣ ይሰማል። ምን ያህል ጊዜ እንደዚያ እንደቆየን አላውቅም።

በማዳመጫው ሌላ ድምፅ መጣ፤ መጀመሪያ ሩቅ፣ ከዚያ ቤት የሚያናጋ። ስክሪኑ ላይ ግን ሰማዩ ባዶ ነበር። በር ተሰበረ፣ እግር ተሯሯጠ። አንድ ሰው ማዳመጫውን አንሥቶ «ማን አለ እዚህ?» አለ።

«እኔ ነኝ» አለች ሲግሩን።

«በሕይወት አሉ። ይዘናቸው እየሄድን ነው።»

ያኔ እጇን ለቀቀች፤ ሄሊኮፕተሯ ዛፉ ላይ ወደቀች።

የአንጎላቸው የደም ሥር ተዘግቶ ነበር፤ በርገን ከተማ ሆስፒታል ወስደው አከሟቸው። ከሳምንታት በኋላ ወደ ማገገሚያ ቤት ሲዛወሩ ልንጠይቃቸው ሄድን። እግራቸው እየተመለሰ ነው፣ ግራ እጃቸው ግን ጭናቸው ላይ እንደተቀመጠ ቀርቷል። በድምፃቸው ግዙፍ ሰው ይመስሉኝ ነበር፤ ትንሽ፣ ቀጭን ሰው ናቸው።

«ደመና ውስጥ ገባሽ» አሏት፤ ቃሉ ቀስ እያለ ነው የሚወጣው።

«ገባሁ።»

«አትግቢ ብዬሽ ነበር።»

«ብለውኝ ነበር።»

በቀኝ እጃቸው እጇን ያዙ። ወለሉ ላይ ወድቀው ማዳመጫው ጆሯቸው ላይ ቀርቶ ሁሉንም ሲሰሙ እንደነበር ያኔ ነገሩን።

«ደሴቶቹን በቀኝ ተውኩ ስትዪኝ ተሳሳትሽ ልልሽ ፈለግሁ» አሉ። «አፌ እምቢ አለኝ። እየራቅሽ ስትሄጂ ተኝቼ ሰማሁሽ።»

ሲግሩን ወንበሯን አስጠጋች። መስኮቱን እያየች እጃቸውን እንደያዘች ተቀመጠች፤ እኔም የማደርገው ሳጣ ያመጣነውን ኬክ ቆራረስኩ። ወጥተን መኪናው ጋ ስንደርስ ቁልፉን ሰጠችኝ፤ «ዛሬ አንተ ንዳ፣ መንገዱን እንዳልስት» አለችኝ። በተጋባንበት ዘመን ሁሉ እሷ ካለች የምትነዳው እሷ ነበረች።