የዋቅጋሪ ስህተቶች

ዋቅጋሪ ደቻሳ ሲያስተምር ከስህተት ይጀምራል። በሥራ ቀናት መሀል ከተማ ባለ መሥሪያ ቤት ለኮምፒውተር ትእዛዝ ሲጽፍ ይውላል፤ ማሽኑ አንድ ሙሉ ክፍል የያዘ፣ በአገሩ ካሉት ጥቂቶች አንዱ ነው። ቅዳሜ ከሰዓት ግን ጉለሌ ውስጥ፣ የእንጦጦ ነፋስ በተሰበረ መስኮት በሚገባበት ክፍል፣ ማሽኑን በዓይናቸው አይተው ለማያውቁ ተማሪዎች ቋንቋውን ያስተምራል። ቋንቋ ሲባል እንግሊዝኛ እንዳይመስላችሁ። ማሽኑ ራሱ የሚሰማው፣ ከቁጥር በቀር ምንም የሌለበት ቋንቋ ነው።

ኮምፒውተር ከሌለ ተማሪዎቹ ኮምፒውተር ይሆናሉ። በየአግዳሚው የተቀመጡት ቁጥር የተጻፈበት ካርድ ይይዛሉ፤ የፊተኞቹ ካርዶች ትእዛዝ፣ የኋለኞቹ የሚደመሩ የገበያ ዋጋዎች ናቸው። አንድ ሰው ተነሥቶ ከካርድ ወደ ካርድ እየተራመደ በየተራ እያነበበ የታዘዘውን ይፈጽማል። ዋቅጋሪ «ቁም» የሚለውን ትእዛዝ ሆን ብሎ ይተዋል። ያን ጊዜ ተራማጁ ትእዛዞቹን ጨርሶ ወደ ዋጋዎቹ ይዘልቃል፤ የበርበሬው ዋጋ ቁጥር «ደምስስ» ከሚለው ትእዛዝ ቁጥር ጋር ስለሚገጥም፣ ትእዛዝ መስሎት ድምሩን ሁሉ ይደመስሰዋል። ክፍሉ በሳቅ ይፈርሳል። ከዚያ ወዲያ «ቁም»ን የሚረሳ የለም።

ይህን ዘዴ ነው እንግዲህ ዓመታት ለፍቶ በአማርኛ መጽሐፍ ያደረገው። እያንዳንዱ ምዕራፍ በተበላሸ ፕሮግራም ይጀምርና «ስህተቱን ፈልግ» ይላል። ረቂቁን እንዲታተምለት ለአንድ የመንግሥት መምሪያ አስገባ፤ ዳይሬክተሩ አቶ ዓምሃ አስጠሩት። እንደ ጊዜው ልማድ የመጽሐፉ መግቢያ ላይ የንጉሠ ነገሥቱ ፎቶግራፍና ምስጋና ይገባል። ዋቅጋሪ በዚህ አልተከራከረም። የተከራከረው ቀጥሎ በመጣው ነው።

«የጃንሆይ ምስል ባለበት መጽሐፍ ውስጥ ስህተት አይታተምም» አሉት። «አስተካክለህ አምጣ።»

«ስህተቱ እኮ ትምህርቱ ነው ጌታዬ። እሱ ከወጣ መጽሐፉ ምን ያስተምራል?»

የሚያውቀውን ጽፎ የማያውቀውን ቢደብቅ እንደሚሻለው መከሩት። ጉድ በሉ! ዳዴ ሳይል የቆመ ሕፃን ያዩ ይመስል። ዋቅጋሪ ይህንኑ ሊላቸው አፉ ድረስ መጣና ዋጠው። አላስተካክልም ብሎ ብቻ ወጣ።

ከዚያ የመጽሐፉ ወሬ ጠፋ። ክረምቱ ካለፈ በኋላ አንድ ቀን ጳውሎስ ሆስፒታል አጠገብ ታክሲ ሲጠብቅ ስለሺ አገኘው። ስለሺ ከቀድሞ ተማሪዎቹ ሁሉ ቁንጮ ነበር፤ አሁን የአቶ ዓምሃ መምሪያ ቀጥሮታል። ፊቱ በደስታ በርቷል።

«ጋሼ፣ መጽሐፍዎ ታተመ። አቶ ዓምሃ ሥራ በዝቶብዎታል ስላሉኝ ስህተቶቹን እኔ አረምኩልዎ። አንድም አላመለጠኝም።»

ዋቅጋሪን በጥፊ ሊለው አማረው፤ ግን በምን ኃጢአቱ? ልጁ አንድም ያላመለጠው በእነዚያው ስህተቶች ተምሮ ነው። የጠጣበትን ምንጭ በገዛ እጁ እንዲደፍን ያደረጉት አቶ ዓምሃ ናቸው። ቅዳሜ ክፍል እንዲመጣ ብቻ ነግሮት ታክሲው ውስጥ ገባ።

ቅዳሜ ስለሺ ይዞት የመጣው መጽሐፍ ታደለ። ወረቀቱ ያምራል፤ ጥራዙም ያምራል። ተማሪዎቹ የመጀመሪያውን ምዕራፍ ገልጠው «ስህተቱን ፈልግ» የሚለውን አነበቡና አቀረቀሩ። ጥያቄው እንዳለ ቀርቶ ፕሮግራሙ ታርሟል። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ማለት ይኼ ነው። በታይፕ ጸሐፊነት የምትሠራው ውባለም ከላይ ወደ ታች፣ ከታች ወደ ላይ እያነበበች ቆየችና መጽሐፉን ዘጋችው።

«ይቅርታ ጋሼ፣ ይህ ትምህርት ለኔ አይሆንም መሰለኝ። ምንም አይታየኝም» አለችና ቦርሳዋን አነሣች።

ዋቅጋሪ የነደደው እዚህ ላይ ነው። የሱ ልፋት ገደል ይግባ። ይህች ልጅ ግን ልክ የሆነውን ልክ አድርጋ ስላየች፣ ራሷን ደደብ ብላ ልትሄድ ነው። ለአንድ ሹም አጉል ክብር ሲባል።

«ተቀመጪ ውባለም» አላት። «ያልታየሽ ስለሌለ ነው። ስህተታችንን ወስደውብናል።»

ስለሺን ወደ ፊት ጠርቶ ያረመውን ሁሉ እያነበበ እንዲመልስ አዘዘው። ስለሺ ውባለምን አየ፤ ያደረገው ነገር ገባው። ድምፁ እየተቆራረጠ በመጀመሪያው ፕሮግራም «ቁም» የሚለው እንዲሰረዝ ተናገረ። እስክሪብቶ ያነሣ ግን አልነበረም። የጃንሆይ ፎቶግራፍ ያለበትን መጽሐፍ ማን ደፍሮ ይሰርዛል?

ዋቅጋሪ የውባለምን መጽሐፍ ተቀብሎ «ቁም»ን ሰረዘ። ነገ ጠያቂ ቢመጣ ከሱ በቀር ማንም እንዳይነካ፣ ከጎኑ «ይህ ስህተት የኔ ነው» ብሎ ስሙን ከነአባቱ ጻፈና ፈረመ። ወደሚቀጥለው ተማሪ አለፈ፤ እዚያም ሰርዞ ፈረመ። እንዲህ እያለ ሁሉንም አዳረሰ።

ከዚያ ካርዶቹን አደለ። ውባለም ቦርሳዋን አስቀምጣ ለመራመድ ተነሣች፤ ትእዛዞቹን ጨርሳ ወደ ዋጋዎቹ ዘለቀች፤ የበርበሬውን ዋጋ እንደ ትእዛዝ ፈጽማ ድምሩን ደመሰሰችው። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ስለሺ ብቻ ሰሌዳው አጠገብ አቀርቅሮ ቀረ።