ስለት የሌለው ጸሎት

ብዙወርቅ በስልኩ ውስጥ ባለችው ሴትዮ ተማርራለች። ዝናቡ የካማሺን መንገድ ከቆረጠው ወዲህ፣ እዚያ አስተማሪ ለሆነችው ልጇ ለሕብረት በደወለች ቁጥር የምታነሳው ያቺው ሴትዮ ናት። «ለጊዜው ማግኘት አይችሉም» ትላለች፣ ያውም ምንም ሳይጨንቃት።

«ለሚካኤል ጃንጥላ ተስያለሁ፤ ለማርያም መጋረጃ» አለች ለባሏ ለካሣ። «ዛሬ ደግሞ ለገብርኤል ምንጣፍ ልጨምር ነው።»

«አንቺ ሴትዮ፣ ጨረታ ገባሽ እንዴ? እግዜር ዝም ባለሽ ቁጥር የምትጨምሪው?»

«ዝም አለኛ! ታዲያ ምን ላድርግ?» ብላ ነጠላዋን ጎትታ ወጣች።

የገብርኤል ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ቆማ «ልጄን በሰላም ብታመጣልኝ» ብላ ጀመረች። ምንጣፉን ልትጠራ ስትል አፏ ተያዘ። ሕብረት ሕፃን ሳለች ሲያማት ለእናቷ ምንም ቃል ገብታ አታውቅም። እጇን ብቻ ትዘረጋላት ነበር፤ እናቷም ታነሳት ነበር።

«በቃ!» አለች እንደመቆጣት ብላ። «ጌታዬ፣ የተሳልኩትን አስገባለሁ፤ ለዛሬ ግን ባዶ እጄን ነው የመጣሁት። ከእኔ በፊትም ያንተ ልጅ ናት። አንተው ያዛት።»

ለመጀመሪያ ጊዜ ሳትጨምር ዝም ብላ ቆመች፤ ዝምታውም እንደ ወትሮው አላበሳጫትም።

ቤት ስትገባ ካሣ «እህስ፣ ምን ጨመርሽ?» አላት።

«ምንም።» ስልኩን እጁ ላይ አኖረችለት። «ከፈለግክ አንተ ሞክር። እኔ ከዚያች ሴትዮ ጋር ጨርሻለሁ» ብላ ለእራት ሽንኩርት ልትከትፍ ገባች።