አያ ቢሰጥ ከሞት የተሰረዙ ለት

አያ ቢሰጥ የቁም ተዝካራቸውን ያወጡ ልጆቻቸውን ስለማያምኑ ነው። እነዚህ እኔ ስሞት ካህናቱን በንፍሮ ነው የሚሸኙ ብለው፣ ዓይናቸው እያየ በሬ ጥለው ደገሱ። ከጠላው ብዛት አተላውን የላሰ ጅብ ሽንዲ ድረስ እየዘፈነ ሄደ። እኔ ራሴ ሰምቸዋለሁ፤ ድምፁ ግን ጥሩ አልነበረም።

ጣጣው የመጣ ከይታገሱ ነው። ይታገሱ በቀበሌያችን ልደትና ሞት የሚመዘግብ ሹም ነው። ከተማ ያደገ ስለሆነ፣ ሰው በሕይወት እያለ ተዝካሩን እንደሚያወጣ አያውቅም። ወረዳው ደግሞ እናንተ ዘንድ ሰው አይሞትም ወይ እያለ መውጫ መግቢያ አሳጥቶታል። እና ከድግሱ የሚመለሱትን መንገድ ላይ የማን ተዝካር ነው ብሎ ጠየቀ። የአያ ቢሰጥ ነው አሉት። ከንፈሩን መጠጠና መዘገባቸው።

ይህን ያወቅነው ግንቦት ላይ እኔና አያ ቢሰጥ ቡሬ ማዳበሪያ ልንወስድ ስንሄድ ነው። የመጋዘኑ ሰው ኮምፒውተሩን አየና ለሟች አንሰጥም አላቸው። ዝናቡ ጥሏል፣ መሬቱ ታርሶ ይጠብቃል፤ ያለ ማዳበሪያ ደግሞ የእኛ አገር በቆሎ ከጉልበት አያልፍም።

ይዣቸው ወደ ይታገሱ ሄድኩ። ደነገጠ፤ ቢሆንም በገዛ ሥልጣኑ ሙት ማስነሳት እንደማይችል ነገረን። ወዲያው አዲሱ መመሪያ ትዝ አለው፤ ከእንግዲህ የጤና ባለሙያ ምክንያቱን ካልጻፈ ሞት አይመዘገብም። ከጤና ጣቢያ አለመሞትዎን አጽፈው ይምጡ፣ እሰርዛለሁ አለ።

ጤና ጣቢያ ነርሷ፣ ሲስተር ሜላት፣ ደረታቸውን አዳመጠች። የወፍጮ ሞተር ነው የሚመስል ብላ አደነቀች። ቅጹ ላይ ስትደርስ ግን ተቸገረች።

«አባ፣ ይኼ የሚጠይቀኝ የሞቱበትን ምክንያት ነው። ያልሞቱበትን ምን ብዬ ልጻፍ?»

«በቆሎዬን አልዘራሁማ፣ ልጄ።»

እየሳቀች በጤና አሉ ብላ ጻፈችና ማኅተም መታችበት። ይታገሱም ሰረዘ። አያ ቢሰጥ ማዳበሪያውን ራሳቸው ተሸከሙ፤ ላግዝዎ ብላቸው እምቢ አሉኝ፤ ያልሞትኩ መሆኔን ሰው ይየው ብለው በገበያው መሃል ዞረው ነው የሄዱ። የዘንድሮ በቆሏቸው ቁራ ጫፉ ለመድረስ መሃል ላይ አረፍ የሚልበት ሆነ።

መስከረም ላይ ጉንፋን ጣላቸው። ባለቤታቸው እትዬ ያይኔአበባ ጤና ጣቢያ እንሂድ ብለው ለመኑ። አያ ቢሰጥ ጋቢያቸውን ተከናንበው ወደ ግድግዳው ዞሩ።

«ያች ልጅ ካልጻፈች እኮ አልሞትም። እዚያ ድረስ ሂጄ ላስታውሳት?»