ስለ ልጄ ጭንቅላት ጸልዩልኝ

እኔ ጽጌረዳ ምስጢር መያዝ አልችልም፤ የሚያውቀኝ ሁሉ ይህን ያውቃል። ልጄ ሊዮንም ያውቃል። ታዲያ ምን ሊሆን ነገረኝ?

ሊዮን ሃያ አራት ዓመቱ ነው፤ አይስ ሆኪ ይጫወታል። አዎ፣ በረዶ ላይ። የሐበሻ ልጅ ኳስ ሜዳ ሞልቶለት በረዶ ላይ በዱላ ሲራኮት ይውላል እያሉ ስንቴ ስቀውብኛል! ልጅ ሳለ እዚህ አሜሪካ፣ ኮሎምበስ ሰፈራችን የነበረው የበረዶ ሜዳ ቅዳሜ ቅዳሜ በነጻ ያስተምር ነበር፤ እኔ ደግሞ ቅዳሜ ሥራ ነበረብኝ። ነገሩ የተጀመረው እንዲህ ነው።

ቡድኑ ከትልቁ ሊግ ሁለት ደረጃ ዝቅ ያለ ነው። ከጥቅምት እስከ ሚያዝያ ሰባ ሁለት ጨዋታ፤ አስር ሰዓት አውቶቡስ ላይ ተቀምጦ ሄዶ መላተም፣ ተመልሶም መላተም። ዘንድሮ ግን ቀናው፤ የካቲት እስኪያልቅ ሃያ ስድስት ጎል አገባ። ከላይኛው ሊግ ሰዎች ሊያዩት መጡ፤ በመጋቢት መጨረሻ አንድ ተጫዋች ይወስዳሉ ተባለ። አራት ዓመት የጠበቀው ይህንን ነው። ዘንድሮ ካልጠሩኝ መቼም አይጠሩኝም አለኝ።

መጋቢት እንደገባ ኢንዲያና ስቴት ሄደው ሲጫወቱ አንዱ ግንድ የሚያህል ሰው ከግድግዳው ጋር አላተመው። ተነስቶ ተጫወተ። ከኮሎምበስ ወጣ ብሎ ፒከሪንግተን ያለው ቤታችን ሲደርስ ግን መብራቱን አጥፊልኝ አለ፤ ያቀረብኩለትን በልቶ አስመለሰው። እኔ እዚሁ አቅራቢያ ጋሃና በምትባል ከተማ የአረጋውያን መንከባከቢያ ውስጥ አስራ አንድ ዓመት ሠርቻለሁ፤ ወድቆ ጭንቅላቱን የተመታ ሰው ምን እንደሚሆን ማንም አይነግረኝም። ለአሰልጣኙ ንገረው ብዬ ጮህኩበት። ከነገርኩት ያስቀምጠኛል፣ የቀረው ሦስት ሳምንት ነው አለ። እጄን ይዞ ለማንም እንዳልናገር ፕሮሚስ አስደረገኝ። አደረግኩለት፤ ሞኝ ነኝ።

ሁለት ሳምንት በሆዴ ያዝኩት። ቤት ውስጥ በጥቁር መነጽር ይቀመጣል፣ ማታ ሄልሜቱን አድርጎ ይወጣል። ጨዋታው ባለቀ ቁጥር ደህና ነኝ ብሎ ቴክስት ያደርግልኛል። እኔ ግን አንድ ቀን ሌላ ሰው ኮል ያደርገኛል እያልኩ ስልኬን ታቅፌ አድር ነበር። ሥራ ላይ የአንዷን አሮጊት መድኃኒት ለሌላዋ ልሰጥ ምንም አልቀረኝም።

እሑድ ቤተ ክርስቲያን የጸሎት ርዕስ ያለው ይናገር ሲባል እግሬ ሳላዘው ተነሳ። ማይኩን ያዝኩና፣ ሊዮን ጭንቅላቱን ተመቷል፣ ደብቆ ነው የሚጫወተው፣ ጸልዩልኝ ብዬ አለቀስኩ። ጉባኤው እጁን ዘርግቶ ጸለየ። ቀለለኝ። ለእግዚአብሔር ነው የነገርኩት፣ ደግሞም በአማርኛ ነው፤ ለፈረንጅ ማን ይነግረዋል ብዬ ራሴን አጽናናሁ።

ጋሼ ሳህሌን ረሳኋቸው። የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ ናቸው፤ የሚሠሩት ዳውንታውን፣ ቡድኑ ከሚጫወትበት አዳራሽ ሥር ባለው የመኪና ማቆሚያ ነው። እኛ ዘንድ የጸለዩለትን ሰው እንዴት ሆነ ብሎ አለመጠየቅ ነውር ነው። ማክሰኞ አሰልጣኙ መኪናውን ሲያቆም ጠጋ ብለው፣ የሊዮን ጭንቅላት ተሻለው ወይ፣ ቸርቹ በሙሉ እየጸለየለት ነው አሉት። ይህንንም ደውለው የነገሩኝ ራሳቸው ናቸው፤ አሰልጣኙ በጣም አመሰገነኝ ብለው ደስ ብሏቸዋል። ምን ልበላቸው? ከአፍ ከወጣ አፋፍ።

ያንኑ ቀን ሊዮንን ለምርመራ አስቀመጡት፤ የጠየቁትን ግማሹን አልመለሰም። ነገ ጠዋት ሐኪም ያይሃል፣ የዘንድሮ ጨዋታህ ግን አብቅቷል ብለው ሸኙት። ወደ ላይ የሚሄደው ሌላ ልጅ ሆነ።

ከሰዓት በኋላ ቤት ገባ። ካፖርቱን እንኳ ሳያወልቅ ኩሽና መሀል ቆመ።

«ማም፣ ማነው የነገራቸው?» አለ በእንግሊዝኛ።

«እኔ ነኝ» አልኩት። ጸሎቱን፣ ማይኩን፣ ጋሼ ሳህሌን፣ ሁሉንም ዘረገፍኩለት። ወለሉ ላይ ተቀምጦ አለቀሰ። ከዘጠኝ ዓመቱ ወዲህ ሲያለቅስ አይቼው አላውቅም። ከዚያ እኔን ሊያስደስት ሲፈልግ ብቻ በሚናገራት አማርኛ፣ «አራት ዓመቴን ወሰድሽብኝ» አለኝ። ተነስቶ ወደ ክፍሉ ወጣ።

ግማሽ ሰዓት ያህል ቆይቶ ወረደ። ተረጋግቷል። ውኃ ቀድቶ ጠጣና ፊት ለፊቴ ተቀመጠ።

«ማም፣ ማነው የነገራቸው?»

ሊቀጣኝ መሰለኝ፤ ይገባኛልም። ቀና ብዬ ዓይኑን አየሁት። ቁጣ የለበትም። መልሴን ነው የሚጠብቀው። ሥራ ቦታ የነገርኳቸውን ወዲያው ከሚረሱት አረጋውያን እንዲህ ያለ ጥያቄ በቀን መቶ ጊዜ እሰማለሁ፤ ከልጄ አፍ ግን ሰምቼው አላውቅም።

«እኔ ነኝ» አልኩት። እንደገና ወለሉ ላይ ተቀመጠ፣ እንደገና አለቀሰ፣ እንደገና አራት ዓመቴን ወሰድሽብኝ አለኝ።

የመኪናዬን ቁልፍ አነሳሁ። የነገውን ሐኪም ማን ይጠብቃል? ደግፌ አስገባሁት፣ ቀበቶውን አሰርኩለትና ወደ ሆስፒታል ነዳሁ። ሃይዌይ ላይ ወደ እኔ ዞረ።

«ማም፣ ማነው የነገራቸው?»

«እኔ ነኝ ልጄ» አልኩት። «አሁንም ልናገር እየሄድኩ ነው።»