የጓደኛ ቤት በፓርክዴል

ኢሳያስ ካልጋሪ ውስጥ በአንድ የመድኃኒት ፋብሪካ የጥራት ተቆጣጣሪ ነው። ክኒን ላይ የፀጉር ያህል ስንጥቅ ካየ ካርቶኑን በሙሉ ይመልሳል። ውሸት ግን አይሆንለትም፤ ቶሮንቶ በገባ ማግስት ነገር የተበላሸበትም በዚሁ ነው።

የእናቱ ወንድም ጋሽ ሀብተማርያም እሑድ የፍቅረኛው የናዝራዊት ወላጆች ዘንድ ሽማግሌ ሆነው ሊሄዱለት ነው። የልጅቷ አባት የኢሳያስን ቤተሰብ የሚያውቁት በእሳቸው በኩል ብቻ ስለሆነ፣ እሳቸው ካልሄዱ ነገሩ አበቃ። እሳቸው ደግሞ የማይምሩት አንድ ነገር አለ፦ የእኅታቸው ልጅ እሳቸው ባሉበት ከተማ ሆቴል ማደሩን። ኢሳያስ ግን ሆቴል ይዟል። ስለዚህ ስልክ ሲደውሉለት፣ "ፓርክዴል ጓደኛ ቤት አርፌያለሁ" አላቸው።

"እሰየው! እንግዲያው መጥቼ ላመስግነዋ" አሉ ጋሽ ሀብተማርያም።

ይህን አላሰበበትም ነበር። ዘመዳቸውን ያስጠጋን ሰው በአካል ሄደው ሳያመሰግኑ መቅረት ለእሳቸው ከስድብ አይተናነስም።

ሆቴሉ ጥቂት ክፍሎች ያሉት ጠባብ ሕንፃ ነው። ባለቤቱ ህንዳዊ ሠዓሊ ሲሆን፣ ጃይፑር ያለውን የአያቱን ቤት አስመስሎ አስጊጦታል። ዝሆኖች በደረጃው ግድግዳ ላይ ተሰልፈው ይወጣሉ፤ ጣሪያው ላይ ጣዎስ ጅራቱን ዘርግቷል። በሩ ላይ ስም የለም፤ ስም አለመኖሩም ጥበብ ነው ተብሏል። ትናንት በሩን ሲፈልግ በዚህ የተናደደው ኢሳያስ ዛሬ ሠዓሊውን መረቀው።

እንግዳ መቀበያው ላይ የሚሠራው ዙበይር የወሎ ልጅ ነው።

"ጓደኛዬ ነህ" አለው ኢሳያስ።

"ከመቼ ጀምሮ?"

"ከአሁን ጀምሮ። ቤቱም ያንተ ነው።"

"ሚስትስ አለችኝ?"

"የለችህም። ከጠየቁህ ሥራ ገብታለች በል።"

"የሌለችኝ ሚስት ሥራ ገባች? ይሁን፣ ታታሪ ናት።"

ኢሳያስ እንደ ሥራው ሁሉ ከበሩ ጀምሮ እያንዳንዱን ነገር ፈተሸ። መጥሪያዋን ደወል መሳቢያ ውስጥ ከተተ፣ ከሥዕሎቹ ሥር ዋጋ የተጻፈባቸውን ካርዶች ነቀለ፣ የክፍያ ማሽኑን ፎጣ አለበሰው።

ጋሽ ሀብተማርያም ከሚኖሩበት ከክሬሰንት ታውን ድረስ ድፎ ዳቦ ታቅፈው መጡ። ዙበይርን ሦስቴ ሳሙትና ቀና ብለው ግድግዳውን ቃኙ።

"ዝሆን ትወዳለህ ልጄ?"

"ስከራየው የነበሩ ናቸው ጋሼ።"

ይህን ተናግሮ ሳይጨርስ አንዲት ፈረንጅ ሻንጣ እየጎተተች ወረደች። ቁልፏን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች፣ ዙበይርን አመስግና ወጣች።

"ማናት?" አሉ ጋሽ ሀብተማርያም።

"ጎረቤት ናት።"

"ቁልፏን ምን አድርግ ብላ ነው?"

"አበባዋን ውኃ እንዳጠጣላት።"

ጋሽ ሀብተማርያም ቁልፉን አዩ። ፎጣ የለበሰውን ማሽን አዩ። ከዚያ ኢሳያስን ረጋ ብለው አዩት። ኢሳያስ ይህን አስተያየት ያውቀዋል፤ ራሱ ስንጥቅ ክኒን የሚያየው እንዲህ ነው። አንዲት ቃል ካወጡ እሑድ የለም። አወቅሁ ካሉ መቀየም ግዴታቸው ነው፤ ከተቀየሙ ደግሞ ቤታቸው መቅረት አለባቸው፤ ለእሑድ ያሰፉት ሙሉ ልብስም ቁምሳጥን ውስጥ ሊቀር ነው።

ቁጭ አሉ። ዳቦውን ራሳቸው ቆርሰው ለዙበይር አጎረሱት።

"እንዳንተ ያለ ጓደኛ ይብዛ" አሉ። "እንግዲህ ቅዳሜ ከኦታዋ ሁለት ሽማግሌዎች ይመጡልናል። የኔ ቤት ጠባብ ነው። ሆቴል አላሳድራቸው፣ ነውር ነው። አንተ ጋ ቢያርፉስ?"

ዙበይር ኢሳያስን አየው። ኢሳያስ ክሬዲት ካርዱን እያሰበ በእሺታ አንገቱን ነቀነቀ።

"ቤት ለእንግዳ! ደስ ይለኛል ጋሼ።"

"ተባረክ። ወደ መንገዱ ያለውን ክፍል ግን አትስጣቸው፣ የጎዳናው ባቡር ስትሪትካሩ ይረብሻቸዋል።"

ኢሳያስ ኮታቸውን አልብሷቸው እስከ በሩ ሸኛቸው። እጀታውን ከያዙ በኋላ አንድ ነገር ትዝ እንዳላቸው ዘወር አሉ።

"ለመሆኑ ቁርስ እስከ ስንት ሰዓት ነው?"

"እስከ አራት ሰዓት" አለ ዙበይር ሳያስበው፤ ወዲያው አፉን በእጁ ያዘ።

"መልካም፣ እነግራቸዋለሁ" አሉና ወጡ።