ያን ቀን ያልጠየቀቻት

«እነዚህ ደግሞ የማን ወገን ናቸው?» አለ ወንድምየው፣ ወደ ታናሽ እህቱ ጆሮ ጎንበስ ብሎ።

ቀና ብላ በሩን አየች። ሁለት ሰዎች ደጃፉ ላይ ጫማቸውን እየጠረጉ ነው። አንዷ ወጣት ሴት ናት፤ ጥቁር ሹራቧ ከሰው የተዋሰችው ይመስል እጅጌው ረዝሞባታል። ሌላው ዕድሜያቸው ሰባን የሚጠጋ ረጅም ሰው ናቸው፤ በዚያ ሙቀት አገጫቸውን በሻርፕ ጠቅልለውታል።

«እኔ እንጃ፤ ደንበኞቿ ይሆናሉ» አለችው።

የለቅሶው ሁለተኛ ቀን ነው። ሟቿ ልብስ ሰፊ ስለነበረች፣ ከትናንት ጀምሮ ከመጣው ሰው ግማሹ የለበሰው እሷ የሰፋችለትን ነው። ገብቶ ያለቅስና፣ ሲቀመጥ ደግሞ የኮቱን ጠርዝ በጣቱ እያሻሸ «እንዲህ አድርጎ የሚሰፋ ከየት ይመጣል?» ይላል። ወንበሩ የተደረደረው በመስሪያ ክፍሏ ውስጥ ነው፤ ከቤቱ ሰፊው እሱ ነው። የመቁረጫው ጠረጴዛ ወደ ግድግዳ ተገፍቶ የሻይ ፔርሙስና ብርጭቆ ተደርድሮበታል፤ የስፌት መኪናው ላይ አንሶላ ጣል ተደርጎበታል። ዓርብ ረፋድ ላይ፣ እዚያው መኪና ፊት ተቀምጣ የአንድ ደንበኛ ሱሪ እያሳጠረች ነበር ልቧ ቀጥ ያለው። ሐኪሙ «ሕመሙም የተሰማት አይመስለኝም» ብሏል። ያቺን ቃል ሰው ሁሉ እየተቀባበለ ይጽናናባታል።

ቤተሰቡ ሁሉ «እትዬ» ነበር የሚላት። በሦስት ዓመት የሚበልጣት ወንድሟ፣ ዕድሜ ልኩን በግንባታ ሥራ ላይ ፎርማን ሆኖ ሠራተኛ ሲያንቀጠቅጥ የኖረው ሰውዬ፣ እሱ እንኳ «እትዬ» ነው የሚላት። ለምን ሲባል «ስትቆጣ ታላቄ ትመስለኛለች» ይላል።

እንግዶቹ ጥግ ይዘው ተቀመጡ። ከላይኛው ፎቅ የወረዱት ጎረቤት ሻይ አቀረቡላቸው። እኚህ ሴት ጡረታ እስኪወጡ ድረስ ስልክ ሲያገናኙ የኖሩ ናቸው፤ ሰፈሩ ዛሬም «እማማ ኦፕሬተር» ይላቸዋል። ረጅሙ ሰውዬ ብርጭቆውን ተቀበሉና ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው፣ ሻርፑን በጣታቸው ገለጥ አድርገው፣ ማንም ሳያያቸው ፉት አሉ።

ታናሽየዋ ያን አጠጣጥ ታውቀዋለች። እትዬ ሦስት ዓመት ሙሉ የጠጣችው እንደዚያ ነው።

ነገሩ የጀመረው ከሰባት ዓመት በፊት ነበር። እትዬ መጋረጃ ልትሰቅል ወንበር ላይ ወጥታ ወደቀች። ያን ያህል አወዳደቅ አልነበረም፤ የእጇ አንጓ ግን እንደ ደረቅ ጭራሮ ቀጭ አለ። ሐኪሙ አጥንቷ መሳሳቱን ነግሮ፣ በሳምንት አንዴ የሚዋጥ አጥንት የሚያጠነክር ክኒን አዘዘላት። ወረቀቱን ይዛ በቀጥታ ወደ ታናሽ እህቷ ፋርማሲ መጣች።

«አንቺ ዋጪ ካልሽኝ እውጣለሁ፤ ተይ ካልሽኝ እተዋለሁ።»

«ዋጪ እንጂ! የእማዬን ጀርባ ረሳሽው እንዴ?»

አልረሳችውም። እናታቸው በስድሳ ዓመቷ ጎብጣ የሰው ፊት ለማየት አንገቷን ማጣመም ነበረባት። አንድ ክረምት ላይ ደግሞ ስትስል የጎን አጥንቷ ተሰበረ።

ያን ቀን ፋርማሲው ውስጥ ወረፋው እስከ በሩ ደርሶ ነበር። ታናሽየዋ ክኒኑን አውጥታ፣ በባዶ ሆድ፣ በሙሉ ብርጭቆ ውሃ፣ ከዋጥሽ በኋላ ለግማሽ ሰዓት ጋደም ማለት የለም አለቻት።

«ግማሽ ሰዓት ሙሉ ተገትሬ ምን ልሥራ?»

«ልብስ ተኩሺ!»

ተሳሳቁ። ከዚያ ወዲህ እትዬ ሰኞ ሰኞ ማለዳ ክኒኗን ውጣ፣ ቆማ ልብስ ስትተኩስ ኖረች።

አንድ ጥያቄ ግን ሳይጠየቅ ቀረ። ጥርስሽን ሐኪም አይቶልሻል ወይ? ያ መድኃኒት አልፎ አልፎ፣ ከብዙ ሰው መሃል አንዱን፣ ጥርስ ሲነቀል የመንጋጋው አጥንት እንዳይድን ያደርጋል። ታናሽየዋ ይህን ታውቃለች። ለማታውቀው ሰው ሁሉ ስትናገር ኖራለች፤ ለገዛ እህቷ ሳትናገር ቀረች። ወረፋው ይሁን ሳቁ ያዘናጋት፣ እስከ ዛሬ አልለየላትም።

ከአራት ዓመት በኋላ እትዬ የተቦረቦረ ጥርሷን አስነቀለች። ቁስሉ አልደርቅ አለ። ሳምንታት አልፈው ወራት ሲተኩ አጥንቱ በድዷ ውስጥ ብቅ አለ፤ ሁለት ጊዜ ተቀዶ ተጠረገ። መጀመሪያ ሰሞን ትቀልድበት ነበር። «ስድሳ ዓመት ስለፈልፍበት ኖሬ፣ አሁን ደከመኝ ቢል ምን ይፈረድበታል?» ትላለች። እያደር ግን ቤተሰቡ ለምሳ ሲሰበሰብ «በልቼ ነው የመጣሁት» ማለት ጀመረች። ልደት ሲሆን በልቼ ነው የመጣሁት። ሠርግ ሲሆን በልቼ ነው የመጣሁት። እየከሳች፣ የራሷን ቀሚስ እያጠበበች።

ከዚያ ደግሞ ማክሰኞ ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ሥራዋን አቋርጣ፣ አሉኝ ከምትላቸው ልብሶች አንዱን ለብሳ መውጣት ጀመረች። ስለዚያ መድኃኒት ጉዳት የሚያጠና አንድ የምርምር ቡድን በሽተኞችን እያሰባሰበ ነበርና እሷም ገባችበት። ታናሽየዋም ይህን ሰማች። እዚያ ተቀምጣ ምን ትላቸዋለች? ማን ሰጠሽ ሲሏት ማንን ትጠራለች? አልጠየቀቻትም። እትዬም አልነገረቻትም። ሦስት ዓመት ሙሉ ሲገናኙ ስለ ዝናብና ስለ ዘመድ አወሩ።

ወጣቷ ሴት ብርጭቆዋን አስቀምጣ ተነሳች። መጥታ በሁለቱ ወንድምና እህት ፊት ቆመች።

«ፈጣሪ ያጽናችሁ። የጥርስ ሐኪም ነኝ። እህታችሁ በጥናቱ ላይ አብረውን ይሠሩ ነበር።»

«በጥናቱ?» ወንድምየው ብድግ አለ። «አሃ! እናንተ ናችኋ መሞከሪያ ያደረጋችኋት!»

ሻይ የሚያማስለው ሰው እንኳ ማንኪያውን አቆመ።

«ጋሼ፣ ተው እንጂ…» አለች ታናሽየዋ።

«ምን ተው ትይኛለሽ! ማክሰኞ ማክሰኞ እየሄደች አለቀች አይደል እንዴ! ምን ነበር የምታስውጧት?»

ወጣቷ ፊቷ ቢቀላም ወደ ኋላ አላለችም። «ምንም አላስዋጥናቸውም አባቴ። ወደ እኛ የመጡት ከታመሙ በኋላ ነው። ጥያቄ ብቻ ነበር የምንጠይቃቸው። ኋላማ ጠያቂዋ እሳቸው፣ ተጠያቂዎቹ እኛ ሆንን።»

«ታዲያ ያን መርዝ ማነው የሰጣት?»

ወጣቷ ዓይኗን ወደ መሬት ሰበረች። ታናሽየዋ ይህን አይታ ልጅቱ እንደምታውቅ ገባት። አውቃም እንደማትናገር። እሷም ዝም ብትል ነገሩ ተደብቆ ይቀር ነበር።

«እኔ ነኝ ጋሼ» አለች። «የሰጠኋት እኔ ነኝ። መርዝ አይደለም፤ ደህና መድኃኒት ነው። ግን መጀመሪያ ጥርሷን እንድትታይ መናገር ነበረብኝ። አልተናገርኩም።»

ወንድምየው ወደ እህቱ ዞረ።

ያን ጊዜ ረጅሙ ሰውዬ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ሻርፑንም ፈቱት። ከአገጫቸው በግራ በኩል ያለው አጥንት ጎድሎ ጉንጫቸው ወደ ውስጥ ገብቷል። ሲናገሩ አንዳንዱ ቃል ስለሚንሸራተትባቸው ሰው ሁሉ ወደ እሳቸው ዘንበል አለ።

«እኔ ሠላሳ ዓመት አውቶቡስ የነዳሁ ሰው ነኝ» አሉ። «የወገብ አጥንቴ ሲሰነጠቅ ያንኑ መድኃኒት አዘዙልኝ። የመጀመሪያ ቀን ስንሰበሰብ ሁላችንም የምናወራው ስለበደለን ሰው ነበር። እኔ ጥርሴን የነቀለውን ሐኪም ሰድቤ ሰድቤ ሲበቃኝ፣ ተራው የእሷ ሆነ። ‹ለእኔ የሰጠችኝ እህቴ ናት› አለች። እኛም ‹አይ እህት!› አልን። ተቆጣች። ስትቆጣ ታውቋታላችሁ።»

«እናውቃታለን» አለ ወንድምየው፣ ሳያስበው።

«‹እህቴን የምታሙብኝ ከሆነ ተነስቼ እሄዳለሁ› አለች። ‹ያን ቀን ፋርማሲዋ ውስጥ አስራ አንድ ሰው ተሰልፎ ነበር። ከኋላዬ ዞሬ ቆጥሬያለሁ። ጠዋት ከከፈተች አልተቀመጠችም። እንደዚያ ተገትሮ የሚውል ሰው ሁሉን ያስታውስ አትበሉ፤ የሚያስታውሳት ነገር አድርጉላት። እኔም ሥራ ሲበዛብኝ የሰው ልክ እረሳለሁ፤ ለዚህ አይደል እንዴ የምጽፈው?› አለች።»

«ቢጫዋ ወረቀት የመጣችው ከዚያ ነው» አለች ወጣቷ። «ክኒኑ ካርቶን ላይ የምትለጠፈዋ። ‹ጥርስዎን ሐኪም አይቶልዎታል?› የምትለዋ። በስድስት ፋርማሲዎች እየሞከርናት ነው። የእርስዎን ያስመረጡት እሳቸው ናቸው፤ ‹ከእህቴ ጀምሩ› ብለው።»

ታናሽየዋ ፊቷን በእጇ ሸፈነች። ከሁለት ወር በፊት አንድ እሽግ ቢጫ ተለጣፊ ወረቀት ፋርማሲው ደርሷታል። የመጀመሪያዋን መስመር እንዳነበበች፣ እትዬ ጣቷን የቀሰረችባት መስሏት፣ እሽጉን እንዳለ የታችኛው መደርደሪያ ውስጥ ከተተችው።

«አንዱንም አልለጠፍኩትም» አለች በእጇ መሃል።

«እናውቃለን። ነገርናቸው። ‹ተዉአት፣ ጊዜ ስጧት፤ ትለጥፈዋለች› አሉን።»

«ለምን አልነገረችኝም? እዚህ፣ እዚሁ ወንበር ላይ ስንት ቀን ተቀምጠን…»

ሾፌሩ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ልትነግርሽማ ነበር። ‹እኔ እሷ ትጀምር እያልኩ፣ እሷም እኔን እየጠበቀች› ትለን ነበር። ‹በይ አንቺ ጀምሪው› እንላታለን። ‹በሚመጣው እሑድ› ትላለች። እንዲሁ እሑዱ አለቀ።»

ወጣቷ ስለሌላም ነገር አወራች፤ አሁን ሰው ሁሉ ይሰማት ነበር። ቡድኑ ያዘጋጀው መጠይቅ ሕመሙን ከአንድ እስከ አስር ስጡት ይል ነበር። እትዬ ወረቀቱን መልሳ ገፋችው። «እኔ አመመኝ አላልኳችሁም። ‹የምበላው ብቻዬን ነው› ነው ያልኳችሁ። እሱን ለምን አትጠይቁም?» አለች። ጠየቁ። ከሰማንያ አራት ሰዎች ስልሳ አንዱ ሰው ፊት መብላት ትተዋል። አንዱም ለሐኪሙ ተናግሮ አያውቅም ነበር።

ወንድምየው ብድግ ብሎ ወጣ። ታናሽየዋ በቃ ተቀየመኝ አለች በልቧ። ትንሽ ቆይቶ ግን ከመመገቢያ ክፍሉ መደገፊያ ያለው ወንበር ተሸክሞ ተመለሰ፤ ሾፌሩ አጠገብ አኖረውና «እዚህ ይቀመጡ፤ ያኛው ይነቃነቃል» አላቸው። ለወጣቷ ደግሞ «አንቺ ልጅ፣ ቅድም ያልኩትን እርሺው» አላት። ከዚያ እህቱ ጎን ተቀምጦ መሬት መሬት እያየ ቆየ።

«አስራ አንድ» አለ በመጨረሻ። «ቆጥራዋለች እኮ። ጉድ ናት።» ትከሻው እየተርገፈገፈ ሳቀ፤ ሳቁ መሃል ላይ ለቅሶ ሆነ። እህቱ ክንዱን ያዘችው።

ፀሐይ ዘቅዘቅ ስትል ሰዉ እየተሰናበተ ወጣ። ሾፌሩና ወጣቷ ሐኪምም ሄዱ። ወንድምየው ሊሸኛቸው ወረደ። እማማ ኦፕሬተር ብርጭቆ እየሰበሰቡ ቆዩና፣ ሰው አለመኖሩን አረጋግጠው ወደ ታናሽየዋ ጠጋ አሉ።

«ልጄ፣ ጊዜው እንዳልሆነ አውቃለሁ። እኔም እኮ እሱኑ ክኒን ነው የምውጠው። ሦስተኛ ዓመቴ ነው። ልተወው እንዴ?»

«እንዳይተዉት እማማ። ለአጥንትዎ ያስፈልግዎታል።» ከዚያ ቀና ብላ አየቻቸው። «ጥርስዎንስ? ከታዩ ስንት ጊዜ ሆነዎት?»

«ኧረ ታይቼም አላውቅ! የቀሩኝ ሰባት ናቸው፤ ማን ብሎ ያያቸዋል?»

ታናሽየዋ ብርጭቆዎቹን ከእጃቸው ተቀብላ ጠረጴዛው ላይ አኖረች። እጇን ታጥባ ተመለሰች። ክንዳቸውን ይዛ ብርሃኑ ወደሚገባበት መስኮት ወሰደቻቸው።

«እስቲ ይክፈቱልኝ።»

«አሁን? በለቅሶ ቤት?»

«አሁን።»

አሮጊቷ አፋቸውን ከፈቱ። አገጫቸውን በሁለት ጣቷ ቀና አድርጋ፣ ከታች ጀምራ አንድ በአንድ አየች፤ ድዱን፣ ጥርሱን፣ ክፍተቱን። ከኋላ በኩል አንዱ ጠቁሮ ተቦርቡሯል።

«ሐሙስ አብሬዎት እሄዳለሁ፤ ራሴ ነኝ የምወስድዎት» አለች። እንባዋ በጉንጯ እየወረደ ነው፤ እጇን ግን ከአገጫቸው አላነሳችም። እማማ ኦፕሬተር አንጓዋን በሁለት እጃቸው ያዙላት፤ አፋቸውንም ሳይገጥሙ፣ አይታ እስክትጨርስ ቆሙላት።